ሙሄ ቴስታታውን ያወረደ ለት

ልጅ እያለሁ፣ አንድ በጋ ሙሉ፣ የአባታችን ፒክአፕ ከመታየቷ በፊት ጭሷ ይታይ ነበር። እኛ የሰፈሩ ልጆች አስፋልቱ ዳር ባለው አሸዋ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ ከሮቢ ወንዝ ድልድይ ማዶ ሰማያዊ ነገር ከፍ ብሎ ካየን ጨዋታውን ጥለን እንሮጣለን። መኪናዋ ስታልፍ እጃችንን ዘርግተን ጭሱ ውስጥ እንገባለን፤ ዓይናችን ያነባል፣ እየሳልን እንስቃለን። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የተቃጠለ ዘይት፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ከሥሩ ደግሞ በቆላው ፀሐይ የጋለ አስፋልት። ጓደኞቼ «የዘሃራ አባት ደመና ይዘው መጡ» እያሉ ይጨፍሩ ነበር። እኔ ግን ከጭሱ እንደወጣሁ ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ከእሳቸው ቀድሜ ለመግባት በጓሮ በኩል እበራለሁ። አስፋልት ዳር ካገኙኝ መገረፌ አይቀርም።

አባታችን እንድሪስ ይባላሉ። የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ነበሩ፤ ከቀወት ገበሬዎች ማሳ ላይ ይገዙና በፒክአፕዋ ጭነው በካራቆሬ በኩል ወደ ደሴ ያወጣሉ። የቤታችን ፊት ለፊቱ መደብር፣ ጀርባው ግቢ ነው። ግቢው መሃል ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ። እማን አንቺ፣ አባን አንቱ እያልን ነው ያደግነው። የአባ ድምፅ ከመደብሩ ከፍ ብሎ ሲሰማ እማ በእጇ የያዘችውን ዕቃ መሬት ታስቀምጥ ነበር፤ እንዳይወድቅባት ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። እውነት ነው፣ ሶላት አያሳልፉም፣ ሚስኪን አይመልሱም፣ ወዳጆቻቸው መሃል ሲቀመጡ ጨዋታቸው ይጣፍጣል። የአባን ሳቅ እኛ ልጆቻቸው ያወቅነው ለእንግዳ ሲስቁ ከጓዳ ሆነን እየሰማን ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሙሄ የቤቱ በኩር ነው። ስሙ መሐመድ ነው፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት መዝገብ በቀር በዚያ ስም የጠራው የለም። ከሕፃንነቱ እጁ ከብረት አይለይም ነበር አሉ። የእማን ፋኖስ፣ የጎረቤትን ሬዲዮ፣ የእኔን የተሰበረ ጃንጥላ ሁሉ ይፈታና መልሶ ይገጥማል። አባ ግን መደብሩ ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጦ ሚዛን እንዲይዝላቸው ነበር የሚፈልጉት። ሙሄ ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ይፈዛል፤ እጁ ማሾውን እየዘገነ ዓይኑ በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ይከተላል። «ይሄ ልጅ ለመኪና ድምፅ ጆሮ አለው፣ ለአባቱ ድምፅ የለውም» ይሉ ነበር አባ፤ የሚሉትም ገበያተኛው ፊት ነው።

እማ ለምና፣ ሽማግሌ ልካ፣ በስንት መከራ ደብረ ብርሃን ሄዶ መኪና ጥገና እንዲማር አስፈቀደችለት። ጨርሶ ሲመጣ ይዞ የመጣው አንድ ሰማያዊ ቱታና የምስክር ወረቀት ነበር። ወረቀቱን አባ አላዩትም። እማ ማንበብ የማትችለዋ ግን ፀሐይ ላይ እያወጣች ደጋግማ አየችው። ቱታውን ራሷ አጥባ በከሰል ካውያ ተኮሰችለት። ከአስተማሪዎቹ አንዱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቶለት ነበርና፣ ሙሄ ይህን ለአባ ነገራቸው፤ የሽንኩርቱ ወቅት ሲያልፍ መሄድ እንደሚፈልግም ጨመረ። አባ ዝም አሉ። እኛ የምንፈራው ቁጣቸውን ስለነበር ዝም ሲሉ የፈቀዱ መሰለን። ያን ቀን ማታ እማ በእንጎቻው ላይ ቅቤ አበዛችበት።

ፒክአፕዋ ማጨስ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። መኪናዋ ቱርቦ ያላት ናት። ቱርቦ ማለት ለሞተሩ አየር በኃይል የሚነፋለት፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው፤ ይህን የነገረኝ ሙሄ ነው። ሌላው መኪና የሚያቃስትበትን ዳገት እሷ እያፏጨች ትወጣው ስለነበር አባ ይኮሩባት ነበር። ጭሱ ሲመጣ ኩራቱ መሳቂያ ሆነ። ጀውሃ ላይ ምሳ ለመብላት መኪና የሚያቆሙ ሾፌሮች «ጋሽ እንድሪስ፣ ባቡር ገዙ እንዴ?» ይሏቸው ጀመር። የሞተሩ ዘይትም አይበረክትም፤ ዛሬ ይሞላል፣ ነገ ይጎድላል።

ሙሄ መኪናዋን አስነስቶ የጭሱን ቀለም አየ። ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ የጠረጠረው ቱርቦውን መሆኑን ለአባ ነገራቸው። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡ ዘይት መኖር አለመኖሩን ቢያይ ይበቃኛል፣ የአንድ ጧት ሥራ ነው አለ። አባ ለእሱ መልስ ሳይሰጡ ዱላቸውን አንስተው ወደ ጋሽ ተፈራ ጋራዥ ሄዱ። ጋሽ ተፈራ በከተማው የታወቁ አሮጌ መካኒክ ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን፣ አባ እስላም ቢሆኑም በዒድም በፋሲካም አንዱ ከሌላው ቤት አይጠፉም፤ አንተ የሚባባሉ ወዳጆች ነበሩ። እዚያ ምን እንደተነጋገሩ ያን ጊዜ አላወቅንም። አባ ሲመለሱ ግን ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ቴስታታው ይውረድ አሉ።

ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ከላይ እንደ ክዳን ተጭኖ በወፋፍራም ቡሎኖች የሚታሰር ከባድ ብረት። እሱን ማውረድ የሰው ሆድ እንደመክፈት ነው፤ ያለ ምክንያት አይደረግም። ሙሄ ደነገጠ። መጀመሪያ ቱቦውን ልይ፣ ካላስፈለገ ቴስታታውን ባንነካው ይሻላል ብሎ ለመናቸው።

«ቱቦማ ረዳትም ይፈታል» አሉ አባ። «መካኒክ ከሆንክ ቴስታታውን አውርድና ሰው ይይህ። ካልሆንክ ሚዛኑ አለልህ።»

ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ አባ ወዳጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ቁርቁራው ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጫት ቀረበ፣ ውሃ በየብርጭቆው ተቀዳ። መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ ፊታቸው ቆማለች። ለተላላፊ ሰው ድግስ ይመስላል። ሙሄ የተተኮሰ ቱታውን ለብሶ ወጣ፤ እማም በጓዳው በር ቆማ ታየዋለች። ቢስሚላህ ብሎ የራዲያተሩን ውሃ አወረደና ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። የቱርቦውን ቱቦ ሲፈታ ውስጡ ጣቱን ከተተ። ጣቱ በዘይት ጠቁሮ ወጣ። ወደ ምንጣፉ ሄዶ ጣቱን ለአባ አሳያቸውና፣ የምፈልገውን አግኝቻለሁ፣ ከዚህ በላይ መክፈት አያስፈልግም አላቸው። አባ ጣቱን አላዩትም። እንግዳ ተቀምጧል፣ ቀጥል አሉት።

እኔን የጠራኝ ያኔ ነው። አንድ ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርፅ በእስክሪብቶ ስሎ፣ በየቡሎኑ ቦታ ቀዳዳ በስቶበት ነበር። አንዱን ፈትቶ ሲሰጠኝ በራሱ ቀዳዳ እሰካለሁ። እያንዳንዱ ቡሎን የገዛ ቤቱን ለምዷል፣ ሌላ ቤት አይስማማውም አለኝ። ከዳር ወደ መሃል፣ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያለ ነበር የሚያላላቸው፤ ሕፃን እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ሰው ይመስል ነበር። ቴስታታው ሲላቀቅ ከባድ ስለሆነ ከእንግዶቹ አንዱ ሊያግዘው ብድግ አለ። አባ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡት። ሙሄ ብቻውን አቅፎ አነሳው። የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተገትሮ፣ እየተንገዳገደ ተሸክሞ አሮጌ ጎማ ላይ ሲያሳርፈው ዛሬም ይታየኛል።

የሞተሩ ውስጥ ጥቁር ነበር። እኔ ተቃጥሏል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሙሄ ግን ጥቁሩ የናፍጣ ጥላሸት ነው፣ የትኛውም ሞተር አለው አለኝና በጨርቅ ጠረገው። ከሥሩ የሲሊንደሩ ግድግዳ ያብለጨልጫል፤ ፋብሪካ ውስጥ የተሰመረበት ስስ ጭረት እንኳን አልጠፋም። ጎንበስ ብሎ አንዱንም ሳይዘል ሁሉንም አየ፣ በጥፍሩ ዳሰሰ። ቀና ሲል ፊቱ በሳቅ በርቶ ነበር። ያን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም።

«አባ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ። «ዘይቱን እየተፋ የሚያጨሳት ቱርቦው ነው። እሱ ብቻ ይታደስ።»

አባ ጫታቸውን በጉንጫቸው አዘዋወሩ። «ጤነኛ ነው አልክ?»

«አዎ አባ።»

«ታዲያ ጤነኛ ሞተር ለምን ከፈትክ?»

ምንጣፉ ላይ ያሉት ሰዎች ሳቁ። ሙሄ፣ እርስዎ አይደሉም ወይ ያዘዙኝ፣ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አባ ወደ ወዳጆቻቸው ዞረው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብያችሁ ነበር» አሉ፤ ሳቁ ባሰ። ከዚያ ውሃ ሊጎነጩ የተነሱ መስለው ብድግ አሉና በእኔ በኩል ሲያልፉ ካርቶኑን በጫማቸው ረገጡት። በስህተት አልነበረም፤ ሊረግጡት ሲመጡ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ቡሎኖቹ አቧራው ላይ ተበተኑ። በጉልበቴ እየዳህኩ ለቀምኳቸው። አንዱ እንግዳ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ተረተብኝ። ሁሉንም አገኘኋቸው፤ የትኛው የየትኛው ቀዳዳ እንደነበር ግን ሙሄም አላወቀም።

ማታ እማ ጓዳ ውስጥ እጁን በሳሙና ስታስታጥበው አጠገባቸው ነበርኩ።  የምታውቀውን አንድ መድኃኒት ነው የሰጠችው፤ «ዝም አይነቅዝም ልጄ» አለችው።

በማግስቱ ሌላ ጣጣ መጣ። በሞተሩና በቴስታታው መካከል የምትገባ ስስ ሉህ አለች፤ ጓርኒሲዮን ይሏታል። አንዴ ከወጣች ተመልሳ አትገባም፣ አዲስ ታስፈልጋለች፤ አዲሷ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መምጣት ነበረባት። መደብሩ ደጃፍ ሽንኩርቱ በጆንያ ተደርድሯል፤ በዚያ ሙቀት ሽንኩርት ሰው አይጠብቅም። አባ አሮጌዋን ሙጫ ቀብተህ መልሳት አሉት። ሙሄ እምቢ አለ። በዕድሜው አባን እምቢ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ውሃና ዘይቱ ይቀላቀላል፣ ጤነኛው ሞተር ይቃጠላል አላቸው። አባ ወደ እሱ አልዞሩም። ወደ እማ ዞረው፣ ልጅሽ ዛሬ መኪናዋን ካላስነሳ ከመግሪብ በኋላ ይህ በር ለእሱም ለአንቺም አይከፈትም አሏት። እማ መሬት መሬት አየች። ሙሄ የእማን ፊት ትንሽ አየና መፍቻውን አነሳ።

መኪናዋ ተነሳች፤ ጭሷም ያው ነበር። በነጋታው ማልደን ጉዞ ጀመርን። እኔ ካራቆሬ አክስታችን ዘንድ ልቆይ ስለነበር በአባና በሙሄ መካከል ተቀምጫለሁ። የሚነዱት አባ ናቸው። ሙሄ ከሙቀት መለኪያው ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ጀውሃ ከመድረሳችን በፊት ሙቀቱ እየወጣ ነው፣ ብናቆም ይሻላል አለ። አባ ነዳጁን ረገጡት። ወደኋላ ሳይ ሰማያዊው ጭስ ነጭ ሆኗል፤ መንገዱ አይታይም። ጀውሃ ምግብ ቤቶቹ ደጃፍ ስንደርስ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓራና ጸጥ አለ።

ሾፌሮቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወጥተው ከበቡን። ምን ሆና ነው ሲሉ አባ መሐንዲሱን ጠይቁት አሏቸው፤ ሙሄን በአገጫቸው እያሳዩ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት ብለው አዘዙት። ሙሄ ይብረድ አባ፣ አሁን ከተከፈተ ያቃጥላል አለ።

«ክፈት» አሉ።

የቱታውን እጅጌ ጠቅልሎ ክዳኑን ያዘ። ሲዞር የፈላው ውሃ ፈንድቶ ወጣ። ከክንዱ እስከ አንገቱ ያዘው። ሙሄ አልጮኸም፤ የጮህኩት እኔ ነኝ። አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ በባልዲ ውሃ ይዛ ሮጣ መጥታ ክንዱን ውስጡ ነከረችለት። አባ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሾፌሮቹ እየሰሙ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «አንተን ከማስተማር አህያ ብገዛ ይሻለኝ ነበር። አህያ ስትጫን ዝም ብላ ትሄዳለች» አሉት።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ደሴ የሚሄድ ባዶ የጭነት መኪና ተገኘና ሽንኩርቱ መዛወር ነበረበት። ሾፌሮቹ ሊያግዙ ሲጠጉ አባ ከለከሉ፤ ያበላሸ ያውርድ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር «ኧረ ጋሼ፣ ልጁ ተልጧል፣ ይተዉት» ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም። ሙሄ በተላጠ ክንዱ ጆንያውን እያቀፈ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው አዛወረ። የሽንኩርት ውሃ በተቃጠለ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሽንኩርት የከተፈ ሁሉ ያውቃል። ሲጨርስ አባ እኔን በክንዴ ይዘው ጭነት መኪናው ላይ አወጡኝና፣ እስክመለስ መኪናዋን ጠብቅ አሉት። የሚበላበት አልሰጡትም። በመስኮት ዞሬ ሳየው በቆመችው መኪና ጥላ ሥር ተቀምጦ ክንዱን እፍ እያለ ነበር። ቀና ብሎ በደህናው እጁ ሂጂ፣ ሂጂ አለኝ።

አባ ከደሴ ሲመለሱ መኪናዋን አገኟት፤ ሙሄን አላገኙትም። ቁልፉን ለዚያች ምግብ ቤት ላላት ሴትዮ በአደራ ሰጥቷት ነበር። ክንዱን ማር ቀብታ፣ እራት አብልታ፣ ወደ አባትህ ተመለስ ብላ መክራው እንደነበር ነገረቻቸው። በነጋታው ወደ ጅቡቲ ጭነት ሊያመጣ የሚሄድ ከባድ መኪና ላይ ወጥቶ ሄደ አለች። በዚያ መንገድ የእኛ አገር ልጆች ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ሄደዋል፤ ሳዑዲ ደርሶ ቤት የሠራ አለ፣ በረሃው ያስቀረው አለ፣ ባሕሩ የበላው አለ። የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ረጅም ጊዜ አሳለፍን። እማ የጀነሬተርም ይሁን የወፍጮ፣ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትል ነበር።

መኪናዋን ጎትተው ወደ ግቢያችን ያመጧት ጋሽ ተፈራ ናቸው። እዚያው ቁርቁራው ሥር ሞተሩን ከፍተው አዩ። ሙሄ እንዳለው ውሃና ዘይቱ ተቀላቅሎ ሞተሩ ተነክሷል፤ ከእንግዲህ አይዞርም። እማ በሰፌድ ማሾ እየለቀመች በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ እግሯ ሥር ነኝ። ጋሽ ተፈራ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ አባ ዞሩ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው።

«እንድሪስ፣ ያን ቀን ጋራዥ ስትመጣ ቱርቦው ነው፣ ቴስታታውን እንዳታስነካ ብዬህ አልነበረም?» አሏቸው። «እያወቅህ ልጁን ለምን አስከፈትከው?»

አባ መሬቱን በዱላቸው ጫፍ ይጭሩ ነበር።  «አዲስ አበባ ሊሄድብኝ ነበር» አሉ። «አንድ ቀን ሰው ፊት ቢያፍር ይቀርልኛል ብዬ ነው።»

እማ ሰፌዱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምራ ለአባ እህል አቀረበች፣ ልብሳቸውን አጠበች፣ ሲያማቸው አስታመመች፤ ቃል ግን አልተነፈሰችላቸውም። ሽማግሌ መጣ፣ ሼሁ መጡ፣ የገዛ ወንድሞቿ መጡ። ለሁሉም ሻይ አፍልታ ሸኘቻቸው። አባ በመጀመሪያ ጮኹባት፣ ከዚያ ለመኗት፣ ከዚያ እሳቸውም ተዉት። ዝም አይነቅዝም ትል የነበረችው እማ፣ የእሷ ዝምታ እውነትም አልነቀዘም፤ እስክትሞት ዘለቀ።

ሙሄ በሕይወት መኖሩን የሰማነው በጎረቤት ስልክ ነው። የሳዑዲ ጠረፍ ጂዛን ደርሶ ፍየል ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በኋላ ጅዳ ጋራዥ ገባ። እማ ድምፁን ስትሰማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር፤ እሱ የሚያያት ይመስል። ስትሞት የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው መምጣት አልቻለም። ከወጣ መመለሻ የለውም። የጀናዛዋ ሶላት ሲሰገድ ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤለት ቆምኩ። አባ በፊተኛው ሰልፍ ላይ ነበሩ። ሶላቱ አልቆ አስከሬኑ ሲነሳ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ፣ ከወዲያ የሚሰማው የሙሄ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

የእኔ ዘመን ልጆች ስንገናኝ የድሮውን እያነሳን እንስቃለን። ያኔ ቁርቁራ ስንለቅም፣ ሮቢ ውስጥ ስንንቦጫረቅ፣ ከመኪና ጭስ ኋላ ስንሮጥ ደስ ይል ነበር ይላሉ። ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። መደብሩን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። ሽንኩርቱን የሚያመላልሱልኝ መኪኖች ሲያጨሱ ለመካኒክ እሰጣለሁ እንጂ ቆሜ አላይም። አባ አርጅተዋል። ድሮ የእሳቸው መኪና ስትሰማ እኛ ነበርን የምንሸሸገው፤ አሁን የእኔ ስልክ ሲጮኽ እሳቸው ከተኙበት ይነሳሉ። ማነው ብለው አይጠይቁም። መጥተው ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ጉሮሯቸውን እንኳን አይጠርጉም። እኔና ሙሄ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ስማቸው አይነሳም።

ባለፈው ዒድ ሙሄ በቪዲዮ ደወለ። ፀጉሩ ሸብቷል። ግቢውን አሳዪኝ አለኝና ስልኩን ይዤ መዞር ጀመርኩ። አባ ይህን ሲሰሙ አዲሱን ጀለቢያቸውን አስተካክለው፣ በዱላቸው እየተደገፉ ሄደው ቁርቁራው ሥር ቆሙ። ስልኩን ወደ ዛፉ ሳዞር መሃል ላይ እሳቸው ነበሩ፤ ቀና ብለው፣ ልክ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።   ሙሄ ወደ መደብሩ አዙሪው አለኝ። ሳዞር አባ ከዛፉ ሥር ተነስተው፣ እግራቸው እየተጎተተ፣ ከስልኩ ቀድመው መደብሩ በር ላይ ለመድረስ ተጣደፉ። ደርሰውም ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል።

«በሩን ቀይረሽዋል፣ ማሻአላህ» አለ ሙሄ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አባ ከበሩ ላይ አልተነሱም። አየኝ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይቶዎታል አልኳቸው።

«ምን አለ?»

ልዋሽላቸው እችል ነበር። ሸመገሉ አለ፣ ሰላም በይልኝ አለ ብል ማን ይመሰክርብኛል? ዒድ ነው፤ በዒድ ቀን ሽማግሌ ለማስደሰት የዋሸን አላህም ሳይምረው አይቀርም። ፊታቸውን አየሁት። በልጅነቴ የማውቀውን ፊት ፈልጌ አጣሁት፤ የቀረው ጥርሱ ያለቀ፣ ዓይኑ የሚለምን ሰው ነው።

«ምንም አላለም፣ አባ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ።  ከዚያ ማንቆርቆሪያቸውን አንስተው፣ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ሄዱ።